ዶን ኤውላሊዮና የጋራ ቆጣሪያችን

የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ሁሉ፣ የውሃ ሂሳብ ሳይመጣ ስንት እንደሚመጣ የሚናገር አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ሊሽረውም አይችልም። በእኛ ግቢ፣ ፔሩ፣ ሊማ ከተማ፣ ሪማክ ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ዶን ኤውላሊዮ ናቸው።

ብዙ ቤተሰብ ነን፣ ቆጣሪያችን አንድ ነው፣ ሂሳቡም በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። ስለዚህ ዶን ኤውላሊዮ ነፍሳችንን ከቄሱ የበለጠ ያውቋታል። አክስቴ ከአሬኪፓ ሻንጣዋን ይዛ የመጣች ቀን፣ ገና ሳንሳሳም በሩ ላይ ደርሰዋል።

«ሴኞራ፣ ስንት ቀን ይቆያሉ?»

«እግዜር ያውቃል።»

«እግዜር ውሃ አይከፍልም። ገላዎን በየቀኑ ነው የሚታጠቡት?»

አክስቴ እስክትሄድ ድረስ አኮረፈቻቸው። እሳቸውም ግማሽ ሰው ብለው ቆጠሯት።

በካርኒቫል ሰሞን ወጣቱ በባልዲ ውሃ ሲራጭ፣ ሂሳቡ ማን ላይ ይውደቅ የሚል ሙግት ተነሣ። ዶን ኤውላሊዮ «የረጠበው ይክፈል» ብለው ፈረዱ፤ «ውሃውን ይዞት የሄደው እሱ ነዋ!» ከዚያ ወዲህ ካርኒቫል ሲደርስ እኔ ከቤት አልወጣም።

ግምታቸው ሁሉ ከጆሯቸው ነው። ቧንቧው ባለፈበት ግድግዳ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፉና፣ «ማነው እዚያ ሩዝ የሚያጥበው? ሦስተኛ እጥበትህ ነው! ሩዝ ነው ወይስ ጠጠር?» ብለው ይጮኻሉ። የሚገርመው ደግሞ አይሳሳቱም።

ዋናው ጠላታቸው ግን የሽንት ቤት የውሃ ሳጥን ነው። «ሌባ ነው! ድምፁን አጥፍቶ ያፈሳል፣ ደሞዝህን ይበላል» ይላሉ። የራሳቸውን ከነቀሉት ቆይቷል። ግቢው መሃል አኑረው፣ አፈር ሞልተው፣ ጌራኒየም አበባ ተከሉበት። ሽንት ቤታቸውን የሚያጥቡት በልብስ እጣቢ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ አበባው እየጠቆሙ፣ «ውሃ አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው» ይሉታል።

ባለፈው ክረምት ሂሳቡ እጥፍ ሆኖ መጣ። የሁሉም ዓይን ኦቲልያ ላይ ዐረፈ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ የሰፈሩን ቡድኖች ማሊያ እያጠበች ነው ልጆቿን የምታበላው። ዶኛ ብሪሂዳ፣ የበሩ አጠገብ ጎረቤታችን፣ ፊት ለፊት ወጣች።

«ወይ እንደ ስድስት ሰው ትክፈል፣ ወይ ማጠቡን ትተው!»

እንደ ስድስት ሰው ከከፈለች ለኦቲልያ የሚተርፋት የሳሙና አረፋ ብቻ ነው። ካልታጠበ ደግሞ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ዶን ኤውላሊዮ እንዲገምቱ ተጠሩ። እሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች። እኔማ አለቀላት አልኩ፤ ለሩዝ ያልራሩ ሰው ለማሊያ ሊራሩ ነው?

ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ቆዩ።

«ማሊያው አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ብሪሂዳ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ሽንት ቤት ሳጥን ነው። ያፈሳል። እስኪጠገን ትርፉን እኔ እከፍላለሁ።»

ሁላችንም ዞር ብለን ሳጥኑን አየነው። ጌራኒየሙ እንደ ጉድ አብቧል።

ብሪሂዳ አፏን ከፈተች። ኦቲልያ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ልጆቿ ቀሚሷን ይዘዋል። ብሪሂዳ አፏን መልሳ ዘጋችው።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች በመጨረሻ፤ «አሮጌ ሳጥን መቼም ያስቸግራል። ሁላችንም እናግዝዎታለን፣ ዶን ኤውላሊዮ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ሳጥኑ አልተጠገነም፤ ኦቲልያም ማሊያዋን ታጥባለች። እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ቢሰሙኝ ለፍቅሩም ሂሳብ ያወጡለታል። አልፎ አልፎ ጌራኒየሙን ሳጠጣ በመስኮት ብቅ ይሉብኛል።

«አንተ! ይሄ ውሃ ማን ላይ ይታሰብ?»

«ሳጥኑ ላይ» እላቸዋለሁ፤ «ያው ያፈስ የለ?»

ጉሮሯቸውን ጠርገው መስኮቱን ይዘጋሉ።