እትዬ ቀንሱና ቁርጥ ዋጋ ያለው በር

በየቤተሰቡ አብረውት ገበያ መውጣት የሚያሳፍር አንድ ሰው አይጠፋም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ አትጠራጠሩ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው። እኛ ቤት ያሉት አክስቴ ናቸው። የመታወቂያ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸው «እትዬ ቀንሱ» በሚለው ማዕረጋቸው ነው።

ክብርት እትዬ ቀንሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጠራላቸውን ዋጋ ከፍለው አያውቁም። ሱቅ ውስጥ «ዋጋ ቁርጥ ነው» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ሌላው ሰው አንገቱን ይደፋል፤ የእሳቸው ፊት ግን ይበራል። «ይሄ መነሻው ነው» ይላሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። ለጎረቤት የሬሳ ሣጥን ሊገዙ ሄደው፣ ያውም ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ፣ «ለሟቹ ይረዝማል፤ ትርፉ ላይ ማን ሊተኛበት ነው?» ብለው አናጢውን አፋጥጠውታል። ሐኪም የደም ግፊታቸውን ለክቶ «አሥራ ስምንት» ሲላቸው «ለደንበኛ አሥራ አራት አድርገው» አሉት። ሐኪሙ ስቆ ስቆ እንደገና ቢለካ አሥራ ስድስት ሆነ። «አየህ» አሉ እትዬ፣ እጅጌያቸውን እያወረዱ፣ «ይቀንሳል።»

አንዴ ደግሞ ሌባ ቦርሳቸውን መንትፎ ሮጠ። እትዬ አልጮኹም። ከኋላው ቱስ ቱስ እያሉ «ስማኝ ልጄ፣ መታወቂያዬ ምን ያደርግልሃል? ቁልፉስ? የማንን ቤት ልትከፍትበት ነው? እሺ መነጽሬን እንኳ ተውልኝ!» እያሉ ሲከራከሩት፣ ሰውየው ታክቶት መንገዱ መሀል ቆመ። ሲለያዩ ቦርሳው እንዳለ እሳቸው እጅ ላይ ነበር፤ ይቅርታም ጠይቋቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ጥቁር ቦርሳ፣ ዚፑ ተበላሽቶ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው፣ ከብብታቸው ወርዶ አያውቅም። ሲተኙ ከትራሳቸው ሥር ነው። ሽንኩርቱን፣ ድንቹን፣ ዘይቱን እኔ ተሸክሜ አድጌአለሁ፤ ቦርሳውን ግን «ያዢልኝ» ተብዬ አላውቅም።

የመጨረሻ መሣሪያቸው ጀርባቸው ነው። ነጋዴው አሻፈረኝ ካለ ይዞራሉ፣ ይሄዳሉ፣ አበቃ። የፈለግኩት ቀሚስ ከኋላዬ እየቀረ፣ አንገቴ ሊዞር እየታገለኝ፣ ያቺ አጭር መንገድ ስንት ጊዜ አልቅሼባታለሁ! «ዞረሽ ካየሽ ከፍለሻል» ይሉኛል፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። ከዚያ ከበስተኋላችን ያ ጣፋጭ ድምፅ ይመጣል፦ «እሺ በቃ ይምጡ! ይምጡ ይውሰዱት!»

እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ናቸው በሩ ፊት የቆሙት።

በሩን ያገኙት ድንጋይ ፈላጮች ናቸው፤ ኮረብታው ሆድ ውስጥ የቆመ፣ መዶሻ የማይበግረው ጥቁር ቅስት። የሠሩት ሰዎች አይደሉም። ሰው ሳይኖር የነበሩ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን አቁመውት ሄደዋል፤ እንዲህ ያለ በር በሌሎች አገሮችም ተገኝቷል። በቅስቱ ውስጥ ያለፈ ሰው የሚገባው ወደ ኮረብታው አይደለም፤ የት እንዳለ ወደማይታወቅ ቤተ መዛግብት ነው። በየኮከቡ የኖረ ፍጡር ሁሉ ያወቀው እዚያ ተከማችቷል። ይጠይቁታል፣ ይመልሳል፤ ያውም በገዛ ቋንቋችን፣ እንደ ዜና አንባቢ በተገራ ድምፅ።

በነጻ አይደለም። ለትንሽ ጥያቄ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር መንገር ይበቃል። አንዱ እናቱ ታባብለው የነበረበትን እንጉርጉሮ፣ ሌላዋ የቁልፍ ቀዳዳ አሰፋፍ ነግራው መልሷን ይዛ ትወጣለች። ለትልቅ ጥያቄ ግን ጠያቂው ራሱ እዚያው ይቀራል፣ መጽሐፍ ሆኖ ሊነበብ። እስከ መቼ? በሩ አይናገርም። እስካሁን የወጣ የለም።

እኛስ ምን አደረግን? አጥር አጠርን። ቢሮ ሠራን። የፕላስቲክ ወንበር ደረደርን። የቀሩትን ሰዎች ስም እብነ በረድ ላይ ቀርጸን ከሥሩ የላስቲክ አበባ አስቀመጥንና እጃችንን አራገፍን። ኃላፊ መጣ፣ ኃላፊ ሄደ፤ ሁሉም «አሠራሩ ነው» አሉ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው! ሁሉን በሚያውቅ በር ፊት ስንት ዘመን ተሰልፈን፣ ስለ ከዋክብት ጠይቀን፣ ስለ ራስ ምታት ጠይቀን፣ ይህን ዋጋ ማን ቆረጠው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

በዚያ ሰሞን የከተማው ውሃ ሕፃናትን ማሳመም ጀመረ። በየስንት ዓመቱ አንዴ ብቻ የሚነቃው በርም ያን ጊዜ ነቅቶ፣ ሲመልስ ብቻ የሚበራው አረንጓዴ ብርሃኑ ቅስቱ ላይ በርቷል። ወንድሜ የውሃ ቴክኒሻን ነው። ኃላፊው ጠርቶ «ትንሽ ጥያቄ ናት፣ ጠይቀህ ውጣ» አለው። ገባ። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። መልሱ ወጣ፤ የትኛው ጉድጓድ እንደተበከለ፣ በምን እንደሚጣራ፣ ሁሉ ተነገረ። ሰው አጨበጨበ። ወንድሜ አልወጣም።

«ዋጋው ተከፍሏል» አለ በሩ። ብርሃኑ ከሁለቱ እግሮቹ ጀምሮ ወደ ላይ መጥፋት ጀመረ። አናቱ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ድንጋይ ነው፤ ለስንት ዓመት እንደሆነ እሱ ያውቃል።

«ትንሽ ጥያቄ ናት አላልክም?» አልኩት ኃላፊውን።

«እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን። ምን ይደረግ እህቴ፣ አሠራሩ ነው። ስሙ በክብር...»

«ስሙን ተወውና ሰውየውን አምጣ!»

ከእናቴ በፊት የደወልኩት ለእትዬ ቀንሱ ነው። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር።

ከታክሲው ሲወርዱ እንኳ ከረዳቱ ጋር እየተከራከሩ ነው፦ «መንገድ ጠፍቶህ የዞርከውን ከእኔ ላይ?» ልገድላቸው ደረስኩ። አጥሩ መግቢያ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ተነሡ። የእሳቸው ነገር ልብ ይሰብራል። ልጃቸው ነርስ ነበረች፤ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ መድኃኒቱን ልትጠይቅ ገብታ ስሟ እብነ በረዱ ላይ ቀረ። አባቷ ዘበኝነቱን ለምነው የተቀጠሩት ለእሷ ቅርብ ለመሆን ነው። ያንን ስም በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል።

«እመቤት፣ መግባት አይቻልም» አሉ።

«አልገባም፣ ጋሼ። ደጁ ላይ ቆሜ ነው የማናግረው።»

ሽማግሌው ብርሃኑን አዩ፣ የኔን ፊት አዩ፣ ገለል አሉ።

እትዬ ቅስቱን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። ከዚያ ድስት እንደሚመርጥ ሰው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት።

«ስማኝ ልጄ፣ ያ ልጅ የኔ ነው። መጨረሻውን ንገረኝ።»

«ዋጋው አንድ ነው» አለ በሩ። «በውስጤ ያለው እውቀት ከፀሐያችሁ ይቀድማል።»

«ያገለገለ ነዋ!»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

«እውቀት አያረጅም» አለ በሩ።

«እንደሱ ብሎ ነው የሸጠልህ? ይኸው እዚህ ጋ ተሰንጥቀሃል።» ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደዱ። «ማዶ አገር ያለው በር ሰው ሳያስቀር ይሰጣል አሉ።»

«በሮች ሁሉ አንድ ናቸው።»

«ነጋዴ ሁሉ እንደሱ ይላል።»

ብርሃኑ ከቅስቱ ወገብ አልፏል። ኃላፊው ላብ እያጠመቀው በሹክሹክታ «እባክዎ እናቴ፣ በሩን ቅር እንዳያሰኙት» ይላል።

«አንተ ዝም በል» አሉት። «ገበያውን ያበላሸኸው አንተ ነህ። የተጠራልህን ሁሉ እየከፈልክ አስወደድክብን! ያውም በሰው ልጅ!»

ከዚያ ወደ በሩ ተመለሱ። «አይቀንስም?»

«አይቀንስም።»

«የመጨረሻ ቃልህ ነው?»

«የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።»

«እንግዲያው ተወው» አሉና ዞሩ።

ክንዴን ይዘው እየጎተቱኝ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ጮህኩ። «እትዬ! ወንድሜ እኮ ነው! ቀሚስ አይደለም!» ሰዉ ሁሉ ጮኸ። አንዷ ሴት «ኧረ ያዟቸው፣ አብደዋል!» አለች። ዘበኛው ብቻ አልጮሁም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ልዞር ስል ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ገባ።

«ዞረሽ ካየሽ ከፍለሻል።»

አልዞርኩም። የአረንጓዴው ብርሃን ነጸብራቅ ከፊት ለፊታችን ባለው ግድግዳ ላይ ይታየኛል፤ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ መዳፍ አከለ።

«ይቆዩ» አለ ከኋላችን በሩ።

እትዬ አልቆሙም።

«ዋጋው ሊታይ ይችላል።»

አልቆሙም። የፕላስቲክ ወንበሮቹን አለፍን። እብነ በረዱን አለፍን። የአጥሩን መዝጊያ እጀታ ያዙ። ያን ጊዜ ያ የተገራ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ ዜና አንባቢው ጠፍቶ ሌላ ሰው፣ ማታ ዕቃው ሳይሸጥለት የመሸበት ሰው ተናገረ፦

«ነይ! እሺ በቃ፣ ነይ ውሰጂው!»

ከፀሐይ በፊት የነበረ ነገር ሰው ጥሎት ሲሄድ አይቶ አያውቅም ነበር። ለምነነዋል፣ ተንበርክከንለታል፣ አልቅሰንበታል። ጀርባውን የሰጠው ግን አልነበረም።

እትዬ ሳይቸኩሉ ተመለሱ። «በስንት?»

«በአንድ ነገር። የማላውቀው ነገር ሆነብኝ። ባልጠራሽ ኖሮ ትመለሺ ነበር?»

«መጀመሪያ ዕቃዬን።»

ወንድሜ ወጣ። ደፉ ላይ አንድ ነገር አደናቀፈውና ሊወድቅ ሲል አቀፍኩት። እንደ ክረምት ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ ግን እስትንፋሱ አንገቴ ላይ ሞቀኝ። «ውሃውስ?» ነው ያለኝ፣ የኔ ጅል! እኔ ልሸሽ ነበር። እትዬ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ምርቃቱስ?» አሉ።

«ምን?»

«ይሄን ሁሉ አከራክረኸኝ ያለ ምርቃት? የኚህን ሰውዬ ልጅ ጨምርልኝ።»

የዘበኛው ኮፍያ መሬት ወደቀ። ብርሃኑ የአንድ ዓይን ያህል ቀርቷል። ኃላፊው «ኧረ ይበቃል!» አለ። በሩ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ቃሉ አልተሰማኝም፣ ቃናውን ግን አውቀዋለሁ፣ የከሰረ ነጋዴ ሁሉ የሚያጉረመርመው ነው። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት በቅስቱ ውስጥ ብቅ አለች፤ በገባች ጊዜ የነበረችው ሆና፣ ምንም ሳትለወጥ። ሽማግሌውን አይታ አይታ፦

«አባዬ? መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

ዘበኛው ያን ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ።

እትዬ የቅስቱን ድንጋይ ተጠግተው ዕዳቸውን በሹክሹክታ ከፈሉ። ብርሃኑ ጠፋ።

የቀሩት ሰዎች አሁንም ውስጥ ናቸው፤ ብርሃኑ ጥቂት ቢቆይ እትዬ እነሱንም አንድ በአንድ ሊያስመርቁ ነበር። ቢሮውስ? በሳምንቱ በሩ አጠገብ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ከበሩ ጋር መከራከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።» አፈርኩላቸው። እትዬ ግን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ይሄ መነሻው ነው» አሉ።

በዚያ ቀን በሩን ምን እንዳሉት ወደ ቤት ስንመለስ ጠይቄአቸው ነበር። «ለእሱ የሸጥኩትን ለአንቺ በነጻ?» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አልጎዳኝም፣ መልሱን ስለማውቀው። ወንድሜን ያደናቀፈው ምን እንደሆነ ጎንበስ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። ያ ጥቁር ቦርሳ ነበር፣ ደፉ ላይ፣ ቅስቱን ተደግፎ። በስንት ዘመን አንድ ቀን ከብብታቸው ወርዶ፣ ወንድሜን ጥለው ሄዱ ባልናቸው ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። የከዋክብትን ሁሉ እውቀት የያዘው በር እግሩ ሥር ያለውን አላየም።

ያኔውኑ አንሥቼ ሰጠኋቸው። መርፌ ቁልፉ ተከፍቶ ስለነበር ሊቆልፉት ሞከሩ፤ ደግመው ሞከሩ፤ መርፌው እየሳታቸው እንቢ አላቸው።

«ያዢልኝ እስቲ» አሉኝ።

ያዝኩላቸው።