ክቡር ኖርበርት እና የሽመላዎቹ አዲስ ምልምሎች

ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ያለበት ከተማ ሁሉ የራሱን ሊቅ አያጣም። ቡድኑ ዋንጫ የሚያነሳ ቢሆን ኖሮ ሊቅ ባላስፈለገ ነበር፤ ደስታ ማብራሪያ አይፈልግም። የቶሊዶ ሽመላዎች ግን የአሜሪካን እግር ኳስ ዋንጫ በቴሌቪዥን ካልሆነ አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ቶሊዶ ክቡር ኖርበርት ግራቦስኪን አፈራች።

ክቡርነታቸው ከመስታወት ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ችሎት የሚቀመጡት ማርሊን ቁርስ ቤት ነው። ማርሊን እንቁላል ትጠብሳለች፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። ሥራ የሚበዛባቸው በሚያዝያ ነው። በዚያ ወር ቡድኖቹ ከየኮሌጁ የሚወጡትን ወጣቶች ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት አብዝቶ የተሸነፈው ደግሞ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሽመላዎቹ በዚህ በኩል የሚቀድማቸው የለም።

«እግሩን ተመልከቱ!» ይላሉ ኖርበርት ሹካቸውን እንደ ጣት ቀስረው። ልጁ ኳሷን የሚወረውረው በእጁ መሆኑ ግድ አይሰጣቸውም።

አንድ ጊዜ «ይህን ልጅ የልጅ ልጆቻችን ያወሩለታል» ያሉት ኳስ ወርዋሪ በሁለተኛው ዓመት ጨዋታ ትቶ የመዋኛ ገንዳ ሻጭ ሆነ። «ይሄ እንኳን ኳስ፣ ቆርቆሮም አይመታም» ያሉት መቺ ደግሞ ተቀናቃኝ ቡድን ወስዶት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን በእግሩ አስቆጥሮ ሽመላዎቹን ቀበረ። በማግስቱ ሁሉም በክቡርነታቸው ሊስቅ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ገቡ፣ ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፣ ተቀመጡና «አላልኳችሁም?» አሉ።

ፍርዳቸው ሜዳ ላይ ብቻ አይቆምም። የገዛ ልጃቸው ስትዳር ሙሽራውን ከፊትም ከኋላም አይተው፣ «ትከሻው ደህና ነው፤ ወገቡ ግን አይታጠፍም» ብለዋል። አዲስ የመጣውን ቄስም ከመጀመሪያው ስብከት በኋላ «ድምፁ አለ፤ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ ይበስላል» ብለው በምስጋና አሰናብተውታል።

ዘንድሮ ሽመላዎቹ ከመረጧቸው መካከል ኖርበርት ሁሉንም አሳለፉና አንዱን ጣሉት። ልጁ ኦዴል ባቲስት ይባላል፣ የሉዊዚያና ልጅ፣ መጨረሻ ላይ የተመረጠ። ሥራው መከታነት ነው፤ ኳስ ወርዋሪውን ሊጨፈልቁ የሚመጡትን በደረቱ ያግዳል።

«ይሄማ ፍሪጅ ነው!» አሉ ኖርበርት። «ጥሩ ፍሪጅ ነው፣ አልክድም። ግን ፍሪጅ ወደ ጎን ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ይህን ያልሰማ የማርሊን ደንበኛ አልነበረም። ማርሊን ራሷ ከሰላሳ በላይ ሰው ሲሰማው አይታ መቁጠር ትታለች።

ሽመላዎቹ በነሐሴ የመጨረሻውን የወዳጅነት ጨዋታ በሚያደርጉበት ዕለት ጠዋት አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ገባች። ጃኬቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። እንቁላሏ ላይ የሚጥሚጣ ስጎ ስትደፋ ያዩት ኖርበርት እንግዳ መሆኗን አወቁ፤ አዲስ ጆሮ ማለት ነው።

«ለጨዋታው ነው የመጡት?»

«አዎ፣ ለጨዋታው ነው።»

«እንግዲያው አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ» አሉና ጀመሩ። ስለ ኳስ ወርዋሪው ተናግረው፣ ስለ ሯጩ ተናግረው፣ ፍሪጁ ጋ ደረሱ። በዚህ መሐል ሴትዮዋ ሞቃት ጃኬቷን አወለቀች። ቡና ልትቀዳ ከኋላዋ የቆመችው ማርሊን ከጃኬቱ ሥር የነበረውን ማሊያ ጀርባ አነበበች። ባቲስት ይላል።

ማርሊን ሳለች። ዓይኗን አፈጠጠች። በመጨረሻ የኖርበርትን ቅልጥም በጫማዋ ነካች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ጉንፋን ያዘሽ?» አሏትና ወደ ሴትዮዋ ተመለሱ። «የት ነበርኩ? አዎ፣ ይሄ ፍሪጅ—»

«ፍሪጁ ልጄ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች።

ኖርበርት ፊታቸው ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። ማርሊን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰውየው ማዘን ፈለገች፤ ግን ሳቋ ስለቀደመ ፊቷን ወደ ማብሰያው አዞረች።

«አይደንግጡ» አለች ሴትዮዋ። «ኧርሊን እባላለሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ከዚህ የባሰ ከኋላ ወንበር ሰምቻለሁ።» ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እውነቱን የሚነግረኝ አጥቻለሁ። አሠልጣኞቹ ‹ጨዋ ልጅ ነው› ይሉኛል። እሱ ‹ሁሉ ደህና ነው እማ› ይለኛል። የተማረበት ትምህርት ቤት የቡድናቸው አሠልጣኝ አድርጎ ሊቀጥረው ይፈልጋል፤ እስከ ዓርብ መልስ ስጡን ብለዋል። እሱ አልሄድም አለ። እዚህ ያስቀሩታል ወይስ ያሰናብቱታል? እርስዎ የሚያውቁ ይመስላሉ፤ ይንገሩኝ።»

በዚያ ቁርስ ቤት ማንም ክቡርነታቸውን ሳያሾፍ እንዲህ ጠይቋቸው አያውቅም። ሹካቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«አላውቅም» አሉ።

ጥግ የተቀመጡት ሁለት ከባድ መኪና ነጂዎች ተያዩ።

«ማወቅስ አላውቅም» አሉ ኖርበርት ዝግ ብለው፣ «ግን ልጅዎ እንዴት እንደሚታይ ላሳይዎ እችላለሁ። ከእኔ ጋር ይቀመጡ።»

ማርሊን ማብሰያውን ለረዳቷ ትታ አብራ ወደ ስታዲየሙ ሄደች። ሁለቱን ብቻቸውን መልቀቅ አላማራትም።

«ኳሷን አይዩ!» አሉ ኖርበርት ገና ጨዋታው ሲጀመር። «ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚያየው ኳሷን ነው። እርስዎ ልጅዎን ይዩ። እጁ የት እንዳለ፣ ወገቡ እንዴት እንደወረደ ይዩ።»

ኦዴል አንድ የተቃራኒ ቡድን ጎረምሳ በደረቱ ተቀብሎ አቆመው። ኳሷ ወዲያ ማዶ ስለነበረች ስታዲየሙ ዝም አለ። በአንድ ረድፍ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ግን ዘለው ጮኹ።

«እግሩን ተመልከቱ!» ይላሉ ኖርበርት ድምፃቸው እየተሰነጠቀ። «ወደ ጎን ሄደ! አያችሁ? ሄደ እኮ!»

ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞረ። «ምኑን ነው የምታዩት አባባ? ኳሷ እኮ እዚያ ናት።»

«አንተ ኳስህን እይ!» አለችው ኧርሊን።

ቆይቶ ሌላ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ኦዴልን በጀርባው ጣለውና አልፎ ኳስ ወርዋሪውን ደረመሰው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ኧርሊን ዓይኗን ሸፈነች።

«አይሸፍኑ» አሏት ኖርበርት። «ይዩት፣ ተነሳ። ራሱን ሳያራግፍ ማንን ሊያነሳ እንደሄደ ይዩ።» ኦዴል ኳስ ወርዋሪውን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ እያቆመው ነበር።

ሽመላዎቹ ተሸነፉ፤ ይህ ዜና አይደለም። ማክሰኞ ቡድኑ ትርፍ ተጫዋቾቹን አሰናበተ። ኦዴልም አብሮ ተሰናበተ።

ረቡዕ ጠዋት የቁርስ ቤቱ ስልክ ጠራ። «ለአንተ ነው» አለች ማርሊን። ኖርበርት ስልኩን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ እሷ ግን ሳህን እያደረቀች ቀረብ አለች።

«አቤት ልጄ... አዎ፣ ፍሪጅ ያልኩህ እኔ ነኝ።» ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። «አይ፣ አታፍርም። ከዚህ ቡድን የተባረረ ሰው አያፍርም፤ የቀረው ነው የሚያፍረው። ሂድ፣ ሥራውን ያዝ። ልጆቹን መጀመሪያ እንዴት እንደሚነሱ አስተምራቸው። መጣሉንማ ማንም ያስተምራቸዋል... እሺ። እናትህን ሳምልኝ።»

ስልኩን ሰቅለው ተመለሱና ተቀመጡ። ያን ቀን አልተናገሩም። በማግስቱም መጡ፣ ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፣ በሉ። ከባድ መኪና ነጂዎቹ ሊተነኩሷቸው ስለ አዲሱ ሯጭ ጠየቋቸው። «ጥሩ ልጅ ነው» አሉ፣ በቃ። ሰዎቹ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ማርሊን የሳህን ኳኳታ ብቻ በሚሰማበት ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆየችና እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። በቁርስ ቤት ባለቤትነቷ ዘመን ስለ ኳስ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም።

«ስማ ኖርቢ» አለች። «ይሄ ኳስ ወርዋሪያችን፣ ትከሻው ዘመም ያለ አይመስልህም?»

ኖርበርት ቀና አሉ። «ማን ነው ያለሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ ያልኩት።»

«ትከሻው? የእሱ ትከሻ?» ሹካው ከሳህኑ ተነሳ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከትከሻ ጋር ምን አገናኘሽ! ቆይ፣ ስሚኝ ላስረዳሽ—»

ከኋላ የሚጠበሰው ሥጋ ማረር ጀምሮ ጭሱ እስከ በሩ ደረሰ። ማርሊን ግን አገጯን በመዳፏ አስደግፋ መስማቷን ቀጠለች።