አባቴ ያለበት ፍላሽ

ይህን ጉዳይ አደባባይ በማውጣቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመምሪያ ኃላፊ ለሆነ ሰው የሚመጥን ወሬ አይደለም። ግን ስለ ፍላሽ ዝም ተብሎ ይታለፋል? አውራ ጣት የማታክል ዕቃ ናት፤ እኛ የሠርጉን ቪዲዮም የመመረቂያ ጽሑፉንም አሸክመናት ከቁልፍ ጋር ኪሳችን ውስጥ እንወረውራታለን። ባንክን እንኳ እንዲህ አናምነውም።

እኔ ያስቀመጥኩባት አባቴን ነው። ደጋ ላይ ባለችው ገረሴ ሲያስተምር ኖሮ እዚያው አረፈ። አንድ ቀን ለእንግዶች ሲያወጋ እህቴ በስልኳ ቀድታው ኖሮ፣ በፍላሽ ገልብጣ በሚኒባስ ሹፌሩ በዘለቀ እጅ አርባ ምንጭ ላከችልኝ። እኔም አስተዋዩ፣ አሁን አስተማማኝ ቦታ ገብቷል፣ ስልክሽን አታጨናንቂ ብዬ የእሷን አስጠፋሁ።

ቢሮ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። በሦስተኛው ኮምፒውተሩ ፍላሹ ፎርማት ይደረግ ወይ አለኝ። አባትህ ይጥፋ ወይ እንደማለት እኮ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያችን አገላብጣ አየችውና ሌላ ቦታ አላስቀመጡትም ወይ ስትለኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ።

ለሙት ዓመቱ በዘለቀ ሚኒባስ ወደ ገረሴ ወጣሁ። ሙቀቱ ለቆን ብርዱ ሲጀምር አንድ ዘፈን አለቀና፣ ከቴፑ ውስጥ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ልጄ አሁን ኃላፊ ሆኗል አሉ፣ አለ፤ ስድስተኛ ክፍል እስኪደርስ እኮ አውራ ዶሮ ይፈራ ነበር፤ ዶሮውን በብብቴ ይዤለት ነው ከግቢ ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚሄደው። ተሳፋሪው ገና ዶሮው ሳይጠራ ይስቃል። በቃሉ ይዞታል ለካ! አባቴ በመጨረሻ፣ አሁንስ ማን ይይዝለት ይሆን ሲል፣ ሚኒባሱ በሙሉ "እኛ አለን፣ መምህር" ብሎ መለሰለት።

ዘለቀ በመስታወቱ አየኝና ደነገጠ። ያን ጊዜ እህቴ ስትልከው ዘፈን መስሎት ፍላሹን ቴፑ ላይ ሰክቶት ኖሯል። ልጅ ሳለ ያስተማረውን የአባቴን ድምፅ ሲሰማ አላስችል ብሎት ከዘፈኖቹ ጋር ገልብጦ አስቀረው። ጋሼ፣ አጥፋው ካሉኝ አጠፋዋለሁ አለኝ። መቆጣት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እንዳትነካው አልኩት። ልገልብጥልዎት ሲለኝ ደግሞ ፍላሽ አይታመንም አልኩ በኩራት። እሱም ያስቀረው ፍላሽ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ገረሴ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ይሁን፤ እሱም ቢበላሽ ተሳፋሪው አለ። እኔም ሲናፍቀኝ መናኸሪያ ሄጄ ከሹፌሩ ጀርባ እቀመጣለሁ።

አደራ፣ የዶሮውን ነገር እናንተ እንዳትደግሙት። የሚደግመው አላጣም።