ሥራ ፈቱ ዓምድ

የለውጥ ጥናት እንደ ጉንፋን መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ባዳረሰበት ዘመን፣ ቴፒ ውስጥ የሚገኝ አንድ ስሙ የማይጠቀስ ጽሕፈት ቤት በአስተዳደር ታሪክ ተወዳዳሪ የሌለው ግኝት አበረከተ። ከሠራተኛው ሁሉ ሰነፉ በምድር ቤቱ አዳራሽ መካከል የቆመው ዓምድ መሆኑ ተደረሰበት።

ኃላፊው አቶ ሳህሉ ሥራ ፈት አይወዱም። ቢሯቸው ከአዳራሹ በላይ ፎቁ ላይ ነው፤ ደረጃውን በወረዱ ቁጥር ያ ዓምድ እንደተገተረ ያገኙታል። የዞን ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። አንደኛ ለሚወጣው መሥሪያ ቤት ዋንጫ፣ ለኃላፊው ደግሞ ሹመት ተዘጋጅቷል ተብሏል፤ አቶ ሳህሉ በሕልማቸው ከተሾሙ ቆይተዋል።

ስለዚህ ዓምዱ ተገመገመ። ባለጉዳይ እንደማያስተናግድ፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እንደማይሰጥ፣ ይባስ ብሎም ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው የኃላፊውን ፊት እንደሚጋርድ ተነሣ። ሂሱን ይቀበል እንደሆነ ተጠየቀ። ዝም አለ። ዝምታው እንደ ትዕቢት ተቆጠረበትና ይነሣ የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ከአማን ተዛውራ የመጣችው መሐንዲስ ትዝታ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ፎቁ ክብደቱን ለአግዳሚው ቢም ይሰጣል፤ ቢሙ ለዓምዱ፣ ዓምዱ ለመሠረቱ፣ መሠረቱ ለመሬት። ዓምዱ ከወጣ ጭነቱ የት ይሂድ?»

«ግድግዳዎቹ በፍትሐዊነት ይከፋፈሉታ» አሉ አቶ ሳህሉ። «ሁሉን ነገር አንዱ ላይ መጫን ያለፈው ሥርዓት አሠራር ነው።»

ግድግዳዎቹ ተቃውሞ ስላላሰሙ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ግንበኛው ዓምዱን ሲሶ ያህል እንደፈለፈለው የላይኛው ወለል ተንጣጣ፤ መዶሻውን ጥሎ ወደ ገበያ ሮጠ። ፎቁ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩት አቶ ሳህሉ ወንበራቸው በራሱ ፈቃድ ወደ ክፍሉ መሀል ሲንሸራተት ተሰማቸው። ካዝናውና የዋንዛ ጠረጴዛቸውም ተከተሏቸው። ፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር ያሳዝኑ ነበር። ትዝታ ባሕር ዛፍ አስመጥታ ቢሙን አስደገፈች፤ ዓምዱ እስኪጠገን ፎቁ ላይ ያለው ሁሉ ይውረድ ብላም አዘዘች። ካዝናው ወረደ፣ ጠረጴዛው ወረደ፣ አቶ ሳህሉም ወርደው እቤታቸው እንዲያርፉ ተደረገ።

ገምጋሚዎቹ የደረሱት ያን ሰሞን ነው። ባለጉዳዩ ደረጃ ሳይወጣ፣ የኃላፊ ፊርማ ሳይጠብቅ ጉዳዩን ጨርሶ ሲሄድ አዩ። መሥሪያ ቤቱ አንደኛ ወጣ። የዋንጫው ቀን አቶ ሳህሉ አዲስ ክራቫት አስረው ከፊት ተቀመጡ። የቡድኑ መሪ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ከምን እንደመጣ ሠራተኛውን ጠየቁ።

የመዝገብ ቤቷ ንጋቷ ተነሥታ «ፎቁ ባዶ ስለሆነ ነው» አለች።

ቤቱ አጨበጨበ። አቶ ሳህሉም ምን እንደተባለ ሳያጣሩ አብረው አጨበጨቡ። ዓምዱ ተጠግኖ ሲያበቃ ካዝናውና ጠረጴዛው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ አቶ ሳህሉ ይመለሱ ዘንድ ግን ጥናቱ ምክንያት አጣ።