የአቦይ ሓጎስ መቃብር

የኛ ሰው «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላል። እኔን ዕድሜ ያስተማረኝ ደግሞ ከአሟሟቱም ይልቅ አቀባበሩ እንደሚያጨቃጭቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጠባብ ቤት ውስጥ ተጋፍቶ ያልከፋው ሰው፣ መቃብር ውስጥ ከጎኑ ማን እንደሚተኛ ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል። አልገጠማችሁም? እንግዲያው የመቀሌ አከራዬን ጉድ ስሙ።

አቦይ ሓጎስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ የቤተሰብ መቃብር አሠርተዋል፤ ድንጋዩ በወግ የተጠረበ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ያማረ። አንድያ ልጃቸውን ሳባን ግን ባሏ ሽማግሌ ሳይልክ ስላገባት «ደጄንም አትረግጥ፣ መቃብሬም አትገባ» ብለው ምለዋል። ባለቤታቸው አደይ ለተብርሃን ይህን በሰሙ ቁጥር ዕንባቸው ይመጣል።

እኔ ከመሃል አገር መጥቼ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የማስተምር ወሬኛ ነኝ። አንድ እሑድ ምሳ ጋብዘውኝ፣ ዛሬ የጃፓን ግዛት ስለሆኑት የሪዩኪዩ ደሴቶች ነገሥታት መቃብር አወጋኋቸው። ሬሳው ሥጋው እስኪያልቅ መካከለኛው ክፍል ይቆያል፤ ከዚያ አፅሙ ታጥቦ ጋን ውስጥ ይገባና ንጉሥና ንግሥት በአንዱ ጎን፣ የቀረው ዘመድ በሌላው ያርፋል። ጦርነት አፍርሶት መልሰው ጠግነውታል። ያሠራው ንጉሥ ደጃፉ ላይ ድንጋይ አቁሞ፣ መቀበር የተፈቀደላቸውን ስም አስቀርጾ፣ ትእዛዙን የጣሰውን ረግሟል። የገዛ የበኩር ልጁ ስም እንኳ የለበትም።

አቦይ ሓጎስ ፊታቸው በራ። ነገውኑ ድንጋይ ጠራቢ አስጠርተው የሳባ ስም የሌለበት ድንጋይ ሊያስቆሙ ተነሡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው።

አደይ ለተብርሃን ግን የዚያ ልጅ መጨረሻ ምን ሆነ አሉኝ። ቆይቶ ከዘሩ አንዱ ነገሠና አፅሙን አምጥቶ አስገባው አልኳቸው። አፅሙን የሚያጥበውስ ማነው አሉ። የቤቱ ሴቶች ናቸው አልኩ። ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ስማዕ’ባ ሓጎስ፤ መቃብሩን ሠራህ፣ ቀባሪህን ግን አባረርህ።»

አቦይ ሓጎስ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። ቀባሪ ማጣትን የማይፈራ ማን አለ?

በሚቀጥለው እሑድ ሳባ ከነባሏ መጣች፤ ጉልበት ተሳመ፣ ተለቀሰ፣ ተበላ። እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ በላሁ። ከምሳ በኋላ አባትየው ሁላችንንም ቁሓ ወሰዱንና ቦታዋን በኩራት አሳዩዋት። ሳባ አጎንብሳ አየችው።

«ኣቦይ፣ በጣም ያምራል። እኔ ግን የምቀበረው ከባሌ ጋር ነው፤ የእነሱ ቤተሰብ መቃብር ውቅሮ ነው።»

አሁን ግንበኛው እንደገና ተጠርቶ አንዱን ግድግዳ አፍርሶ መቃብሩን እያሰፋ ነው። አቦይ ሓጎስም በየጠዋቱ አማቻቸው ጋ እየደወሉ፣ የውቅሮ መሬት ምስጥ እንደሚበዛበት ያስረዱታል።