ጋሽ የህያና ስድስት ዓመት የተኛው ቤንዚን

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና አይቶ ማለፍ የሚችልና የማይችል። የሚችለው ብዙ ነው። ሥራ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ልብሱም ንጹሕ ነው። የማይችለው ግን በየሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ እናንተም ሰፈር አለ። መኪናችሁ መንገድ ላይ ቀጥ ስትል፣ ገና ስልካችሁን ከኪስ ሳታወጡ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገባችሁ ይቆማል። "ምን አለች?" ይላል። መልሳችሁን ግን አይጠብቅም፤ አንገቱን ወደ ሞተሩ አስገብቶ ከራሷ ይሰማል።

የቡራዩው ባለ ማዕረግ ክቡር ጋሽ የህያ ናቸው። መካኒክ አይደሉም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት በገፈርሳ በኩል የውኃ ፓምፕ ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። "ፓምፕ ያው ፓምፕ ነው፣ የሚጠጣው ይለያያል እንጂ" ይላሉ። ሕመሙ ምንም ይሁን ምን ምርመራቸው የሚከፈተው በአንድ ቃል ነው፦ "ከታች እንጀምር።"

አንድ ጊዜ ሱሉልታ ለቅሶ ሲሄዱ ከሚኒባሱ መስኮት ኮፈኑን የከፈተ አይሱዙ አዩና "ወራጅ አለ" አሉ። ቀብሩ አለፋቸው። በሠልስቱ ደረሱ፤ እስከ ክርናቸው ግራሶ ተቀብተው፣ በዚያው በአይሱዙ፣ ከሾፌሩ ጋር። ሾፌሩ ሟችን አያውቅም፤ ግን ጋሽ የህያን አድርሶ ዝም ብሎ መመለስ ከብዶት ከሰው ሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ተጂ ላይ ደግሞ ሽማግሌ ሆነው በተጠሩበት ሠርግ፣ ምርቃት ሊሰጡ ሲፈለጉ፣ ከሙሽሮቹ መኪና ሥር ሁለት የተወለወሉ ጫማዎች ወጥተው ተገኙ። ምርቃቱን ከዚያው ከሥር ሰጡ። አሜን ተባለ።

ሮዛ ቦጂያ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ በአጥር ነው የሚለያዩት። ለዚህም ነው ጋሽ የህያን ከሩቅ ስታይ ብዙ ጊዜ መንገድ የምትቀይረው። ሰላምታቸው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ሮዛ ደግሞ ሩብ ሰዓት የላትም። የምታስተምረው ሰበታ ነው። ከቡራዩ እስከዚያ አራት ታክሲ፣ አራት ሰልፍ አለ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ስትወጣ የአራት ዓመቷ ሶያማ ተኝታለች፤ አምሽታ ስትገባም ተኝታለች። ልጅቷ እናቷን የምታገኛት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ እንደ ገበያ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግቢያቸው ውስጥ መኪና ቆሟል። ሰማያዊ ዲኤክስ። የሮዛ አባት ኦቦ ቦጂያ ካረፉ ስድስት ዓመት ነው፤ መኪናውም ያኔ ከቆመበት ቆርቆሮ ሥር አልተነቃነቀም። ዶሮዎች የኋላ ወንበሩን ወርሰዋል። ሮዛ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ባለፈው ክረምት ነው፤ ካወጣች ጀምሮ በየቀኑ "ነገ አስነሳዋለሁ" ትላለች። የማያልቅ ነገ ያላቸው ግን መምህራን ብቻ ናቸው። እናቷ እማማ ዱርሲቱ የጫንጮ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ የማይታለብ ነገር ግቢ ውስጥ ቦታ ይዞ ሲያዩ ያማቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ፍርዱን ሰጡ። አዲሷ ላም ልትወልድ ነው፣ ቆርቆሮው ለእሷ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ቁራሌዎች መጥተው መኪናውን ቆራርጠው ይወስዳሉ። በራሱ እግር ከወጣ ግን የሮዛ ነው።

"ያ ኢንተላ ኮ" አሉ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ "ከአባትሽ የቀረ ስለሆነ ስድስት ዓመት ታገስኩት። ሰባተኛውን ላሚቱ አትታገስም።"

የሮዛ ባል ዕዝራ የግንባታ ፎርማን ነው፤ ከደቡብ የመጣ፣ ጸሎቱ ረጅም ትዕግሥቱ አጭር የሆነ ደግ ሰው። ረቡዕ ማታ ባትሪ ተውሶ መጣና የሰፈሩን ሰው ጠራ። እኛ አገር የሞተ መኪና የሚታከመው በመግፋት ነው። ማንም ለምን አልነሳም ብሎ አይጠይቅም፤ ግፉ ሲባል የተቀመጠው ይነሳል፣ ባለ ሱቁ ሱቁን ይተዋል፣ መንገደኛው ዕቃውን አጥር ላይ ያንጠለጥላል። ያ ቀን እንደዚያው ሆነ። ገፉት። ዲኤክሱ ሁለቴ አስሎ፣ አንዴ ጥቁር ተፍቶ ዝም አለ። "እንደገና" ተባለ።

ጋሽ የህያ የደረሱት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከመግሪብ ሶላት እየተመለሱ ነበር። ማንንም ሳይሰድቡ፣ በተከፈተው መስኮት እጃቸውን አስገብተው ቁልፉን ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱት።

"ልጄ፣ ብርጭቆ አምጪልኝ" አሏት ለዚሁ ብላ በጊዜ የገባችውን ሮዛን።

የሻይ ብርጭቆ ሰጠቻቸው። ከመኪናው ሆድ ሥር በጀርባቸው ተንፏቀው ገቡ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ፈቱ፣ ብርጭቆውን ሞልተው ወጡ። የገፋው ሰው ሁሉ ከበበ። ከታች የዘቀጠ ቀይ ዝገት፣ ከእሱ በላይ ድፍርስ ውኃ፣ ከዚያ በላይ የተቃጠለ ማር የመሰለ ነገር። ሮዛ አሸተተችው፤ ቤንዚን ቤንዚን አይልም። አዲስ ቀለም የተቀባ ወንበር ይሸታል።

"ስድስት ዓመት የተኛ ቤንዚን ይህ ነው። በገፋችሁት ቁጥር ይህን ነው የጋታችሁት" አሉ ጋሽ የህያ፣ ዕዝራን እያዩ፣ ያለ ቁጣ። "ሰውም ቢሆን አይነሳ።"

ባለ ሱቁ ሱቁ ትዝ አለው። ሮዛ ግን የዚያን ቀን ሩብ ሰዓቷን ሰጥታ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው፤ ሰላምታቸው እንጂ ንግግራቸው ረጅም እንዳልሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ጋራዦች ሰልባትዮ የሚሉት፣ መውረድና መታጠብ አለበት። ካርቡሬተሩም ያንን ጉድ ጠጥቷልና ይፈታል። ቁልፉ እስከዚያ ከኪሳቸው አይወጣም።

ሐሙስ ሰልባትዮው ወረደ። ጋሽ የህያ ከዓለሙ ሁሉ ሲጋራ አገዱ፤ በአጥሩ ማዶ ሲጋራውን ለኩሶ የሚያልፈውን መንገደኛ ሳይቀር መንገድ አስቀየሩት። የተበላሸውን ቤንዚን በጀሪካን ገልብጠው ራቅ አድርገው ካስቀመጡ በኋላ በኦሞ አጠቡት፣ ደጋግመው በውኃ አለቀለቁት። ቅባቱ ለቀቀ፤ ዝገቱ ግን እንደ ግንብ ተጣብቋል። አምስት ጠርሙስ አቼቶና አንድ እፍኝ አሮጌ ብሎን ጨምረው፣ እስከ ጫፉ ውኃ ሞልተው አፉን ደፈኑና ዕዝራ ተሸክሞ ይወዘውዝ ጀመር። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ወዘወዘ። ሲያዩት፣ ያው ዝገት።

ካርቡሬተሩን ደግሞ ሮዛ ራሷ፣ ማታ ከሥራ ገብታ፣ በጋሽ የህያ ትእዛዝ፣ የሻይ ትሪ ላይ ፈታችው። ቀዳዳዎቹ ከመርፌ ቀዳዳ ያንሳሉ። ሽቦ ልታስገባ ስትል እጇን ያዟት፤ ሽቦ ቀዳዳ ያሰፋል አሉ። ከእማማ ዱርሲቱ የዝንብ መከላከያ ጭራ አንድ የፈረስ ፀጉር ለምነው መዘዙና ሰጧት። በዚያ አንድ ፀጉር፣ ምላሷን ነክሳ፣ እንደ ተማሪዋ ተጎንብሳ፣ ሁሉንም አጸዳች። ስትጨርስ እሳቸው ቀዳዳዎቹን በመብራት አዩና "መምህር ነሽ ለካ" አሉ። ሮዛ በአሥራ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ ያገኘችው ትልቁ ግምገማ ይህ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሮዛ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ ቀረች። ዝገቱ አልተነቃነቀም። ጋሽ የህያ ሰልባትዮውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ "ከታች እንጀምር" ማለት እንኳ ትተው ተቀምጠዋል። እማማ ዱርሲቱ ከሚያልቡበት ተነሥተው፣ የወተቱን ዕቃ እንደያዙ ቆመው ያዩዋቸዋል። ከሦስት ቀን ጀምሮ ያዩ ነበር፤ ያንን መኪና የሚረዳ ቃል ግን እስካሁን ከአፋቸው አልወጣም።

"ኦቦ የህያ" አሉ በመጨረሻ፤ "ያ ልጅ ትናንት እንደዚያ ሲወዘውዘው ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ወተት እንደዚያ ቢናጥ እስከ ፋሲካ ቅቤ አይወጣውም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ይህን ዓይነት ሰው ከሌላው የሚለየውም ይኸው ነው፤ ምክር የማይሰማ ይመስለናል እንጂ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪናገር ነው የሚጠብቀው። ጋሽ የህያ ሰልባትዮውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አቀረቡላቸው። "አዴ ዱርሲቱ፣ ያሳዩን።"

እማማ ዱርሲቱ ገመድ አስመጡ። ሰልባትዮውን በሁለት ወገን አስረው ከቆርቆሮው ምሰሶ ላይ፣ እንደ ወተት መናጫ ቅል፣ አንጠለጠሉት። አቼቶው እንዲሞላ አላደረጉም፤ ግማሹን አስቀዱት። የሚናጥ ነገር መተንፈሻ ይፈልጋል አሉ። ከዚያ ዱካ ላይ ተቀመጡና ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ለቀቁ፤ ሳቡ፣ ለቀቁ። ብሎኖቹ ውስጥ ለውስጥ ከዳር ዳር ይንሸራተታሉ፣ አንድም ጥግ አይቀራቸውም። ሲደክማቸው ሮዛን አስቀመጧት፤ ስትቸኩል በትከሻዋ ላይ መታ መታ አድርገው ልኩን ሰጧት። ጋሽ የህያ ጁምዓ ሄደው ሲመለሱ እናትና ልጅ ገና እየናጡ ነበር። ሮዛ ስለ አባቷ የማታውቀውን ብዙ ነገር የሰማችው በዚያ ቀን ነው፤ መኪናውን ሲገዙ እናቷን ሳያማክሩ እንደገዙና አንድ ወር በሙሉ እንዳልተነጋገሩ፣ ያስታረቃቸውም መኪናው እንደሆነ፣ ጭቃ ይዞት ገፍተው ሲያወጡት።

አፉን ሲከፍቱት ቀይ አፈር የመሰለ ውኃ ወረደ። ደጋግመው አለቀለቁ። ጋሽ የህያ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አዩ፤ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። "ፓምፕ ሳንቀሳቅስ ዕድሜዬን ጨረስኩ" አሉ ቀስ ብለው፤ "ይህን የነገረኝ መሐንዲስ የለም።" እማማ ዱርሲቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እስከ ማታ ፀሐይ ላይ አደረቁት፤ በመጨረሻ በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን አለቀለቁት።

ቅዳሜ ሰልባትዮውና ካርቡሬተሩ ቦታቸው ገቡ፣ ፊልትሮው ተቀየረ። ጋሽ የህያ ግን ሞተሩን መጀመሪያ ከሰልባትዮው አላጠጡትም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ንጹሕ ቤንዚን ሞልተው፣ ግሉኮስ እንደተሰቀለለት በሽተኛ፣ ከኮፈኑ ላይ አንጠለጠሉት። በዚህ መሐል ቁራሌዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ መጋዝ ይዘዋል። ሁኔታውን አይተው "እንግፋላችሁ?" አሉ። ዕዝራ ነው "ማንም አይገፋም" ያላቸው።

ሮዛ ቁልፉን ከጋሽ የህያ እጅ ተቀበለች። አዞረች። ማስነሻው ሞተሪኖ አጉረመረመ፣ ሞተሩ ግን አልያዘም። ሁለተኛ። እማማ ዱርሲቱ ወደ ላሚቱ ዞሩ፤ ማየት አልፈለጉም። በሦስተኛው አንዱ ሲሊንደር እሳት ያዘ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አራቱም፤ ዶሮዎቹ በየአቅጣጫው በረሩ። መኪናው ቆሞ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ልኩን አገኘ። ጋሽ የህያ ጠርሙሱን አውርደው ቱቦውን ከሰልባትዮው ጋር አገናኙ።

እማማ ዱርሲቱ ቁራሌዎቹን ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ የተሰነጠቀ ባልዲ ሰጥተው አሰናበቱና መጡ። "በሉ ኦቦ የህያ፣ መጀመሪያ አንቱ ንዱት።"

ጋሽ የህያ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። የተጠረገውን እንደገና ጠረጉ።

"እኔ መንዳት አልችልም፣ አዴ ዱርሲቱ" አሉ።

ፓምፕ ተነድቶ የትም አይሄድም አሉ ጋሽ የህያ፤ ለመማር ጊዜ አላገኙም፣ ኋላም አፈሩ። "ያስነሳኋቸውን መኪኖች ሁሉ የማውቃቸው በጀርባቸው ነው። ሲሄዱ።"

ሮዛ ወርዳ የፊተኛውን በር ከፈተችላቸው። እናቷ፣ በሕይወታቸው ለማንም የፊት ወንበር ለቀው የማያውቁት፣ ሶያማን ይዘው ከኋላ ገቡ። እስከ ገፈርሳ ሄዱ። ጋሽ የህያ ምክር አልሰጡም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባሕር ዛፉን ወደ ኋላ ሲሸሽ ያያሉ። ሮዛ መመለሻው ላይ ስትደርስ አልዞረችም። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨመረች።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጋሽ የህያ መኪናው በቀዝቃዛ እንዴት እንደሚነሳ ሊሰሙ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ሮዛ በመስኮት አየቻቸው። ሶያማ ነቅታ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ እናቷን ገበታው ላይ ስታገኝ ቆማ ቀረች።

"ዛሬ እሁድ ነው እንዴ?"

"ሰኞ ነው። ነይ ብዪ" አለች ሮዛ። ከዚያ መስኮቱን ከፈተች። "ጋሽ የህያ፣ ግቡ እንጂ፣ ቁርስ ቀርቧል። ገና ጊዜ አለን።"