የተተከሉት ዘበኛ

ትናንት ሌሊት ጋሽ ዘበርጋ ያዩትን ሕልም ጠላቴም አይይ! ኧረ ተውኝ፣ እንዲያውም ወዳጄ ይየው።

እሳቸው የትክል ድንጋዮቹ ዘበኛ ናቸው። ሰሞኑን የጥንት ቅርስ ቆፋሪዎች መጥተው ከጓሯቸው የጥንት ሰዎች ምድጃ አገኙና፣ "ቦታው ጥብቅ ነው፤ ቤትዎ ይነሳል" ተባሉ። ልጅ ወልደው የዳሩበት ቤት እኮ ነው! እንደተናደዱ ተኙ።

በሕልማቸው ድንጋዮቹ ሜዳው ላይ ይንጎራደዳሉ፤ ሰዉ ደግሞ በተራ ተተክሏል። ጋሽ ዘበርጋ እስከ ጉልበታቸው መሬት ገብተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ትርፌም ከጎናቸው። ዙሪያቸው ታጥሯል። አፍንጫቸውን ሊያኩ እጃቸውን ሲያነሱ ዘበኛው ድንጋይ ፊሽካ ነፋ።

"ቅርስ መነካካት ክልክል ነው!"

"የገዛ አፍንጫዬ እኮ ነው!"

"የትውልድ ነው" አላቸው።

ወዲያው ጎብኚ ድንጋዮች እየተንገዳገዱ መጡ። አስጎብኚያቸው የጋሽ ዘበርጋን የግንባር ጠባሳ እያሳየ፣ "ይህ ምልክት አንበሳ መግደሉን ያሳያል" አለ።

"ወይ ጉድ!" አሉ ድንጋዮቹ።

ጋሽ ዘበርጋ ደረታቸውን ነፉ። እሳቸውስ ቢሆኑ እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ሰይፍ ሁሉ "ጠላት ገድሎ ነው" ይሉ የለ? ማን አይቶ!

እትዬ ትርፌ ግን አላስችል አላቸው። "የምን አንበሳ! በጎረምሳነቱ እኔን ሊያይ ያባቴ አጥር ላይ ሲንጠላጠል ወድቆ ነው!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ሽማግሌው ድንጋይ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን ደህና አድርጎ አየው።

"ይሄማ ከአንበሳ ይበልጣል" አለ። "ሁለቱ ከቦታቸው እንዳይነቀሉ፣ እንዳይለያዩም።"

ጋሽ ዘበርጋ እንባቸው መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ተነስ! የጥብቁን ቦታ የወሰን ችካል የሚተክሉት መጥተዋል!"

ባነኑ። እትዬ ትርፌ ናቸው። ጋሽ ዘበርጋ በባዶ እግራቸው ወጡ። ሠራተኛው ከእንሰታቸው መሃል ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል። ሁለት እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"አባባ! ምን ሆኑ?" አለ ሠራተኛው ችካሉን እንደያዘ።

"ቅርስ መነካካት ክልክል ነው።"

እትዬ ትርፌ ሕልሙን አልሰሙም። ግን ባላቸውን ትንሽ አየት አደረጓቸውና ነጠላቸውን አጣፉ።

"በል ልጄ" አሉት ሠራተኛውን፣ "ለእኔም ከጎኑ አንድ ቆፍርልኝ።"